ኩታው የማን ነው?

ሮማ የመጣ የባላባት ልጅ ሳይሣል አገሩ አይመለስም። የእንግሊዙም፣ የአየርላንዱም፣ የእኛው የስኮትላንዱም ልጅ ያንኑ ቀይ የከፋይ ካባ ይለብሳል፤ ያንኑ የተሰበረ ዓምድ ይደገፋል፤ እጁን ወገቡ ላይ ጣል አድርጎ ፍርስራሹን ራሱ የገነባው ይመስል ይኮፈሳል። ሥዕሉ በመርከብ ተጭኖ ይሄድና አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላል። እንግዳው ሁሉ «ምን ያለ የተማረ ልጅ ነው!» ይላል። ምን እንደተማረ የሚጠይቅ የለም። ባይጠይቁም ይሻላል፤ አስተማሪዎቹን አውቃቸዋለሁ።

እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ስሜ አርኪባልድ ዳልጊሽ ይባላል፤ የቄስ ልጅ፣ ቆለኛ ነኝ። ሮማ ድረስ ይዤው የሄድኩት ልጅ ሩሪ ደግሞ የኦርቫን ሸለቆ ባላባት ልጅ፣ ደገኛ ነው። በእኛ አገር ቆለኛ ደገኛውን «ከብት ሌባ» ይለዋል፤ ደገኛው ቆለኛውን «ነጋዴ» ይለዋል፤ የትኛው ስድብ እንደሚብስ እስካሁን አልተስማማንም። እኔ ግን ኦርቫን ውስጥ ብዙ ክረምት ስላሳለፍኩ የደጋውን ቋንቋ እሰማለሁ።

ነገሩ የተነሣው ቁርስ ላይ ነው።

«የኔታ፣ እኔ በከፋይ አልሣልም» አለኝ ሩሪ።

«በምን ልትሣል ነው ታዲያ? በሸሚዝ?»

«እንደ አባቴ፣ በኩታ።»

የያዝኩትን ቢላዋ አስቀመጥኩ።

የደገኞችን ኩታ ያላየ ሰው ይህን ንግግር እንደ ቀልድ ይሰማው ይሆናል። ኩታው ወፍራም ሱፍ ነው፤ ቀዩና አረንጓዴው መስመር በመስመር ይተላለፍበታል፤ ቀን ይለብሱታል፣ ማታ ይተኙበታል፣ ሲሞቱ ይገነዙበታል። የሩሪ አባት በዚያ ኩታ ሆኖ፣ የኦርቫንን ወንዶች ሁሉ አስከትሎ፣ ዙፋኑን ላጣው ለስደተኛው ንጉሥ ዘምቶ በአንድ ረግረግ ሜዳ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ለንደን አዋጅ አወጣች፤ ደገኛ ኩታውን እንዳይለብስ፣ የለበሰ እንዲታሰር፣ ዳግመኛ የለበሰ ባሕር ማዶ እንዲጋዝ። ኦርቫንም ተወረሰ። የመንግሥት ምስለኔ ገብቶ ግብር ያጎደለውን ጭሰኛ ሁሉ ጣሪያ ያፈርስ ጀመር።

የሩሪ እናት እሜቴ ግሪዘል ወጣትነቷን በለንደን ሹማምንት ደጅ ላይ ጨረሰች። በመጨረሻ ቃል ተሰጣት፦ ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ፣ ከአባቱ ጥፋት ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ ርስቱ ይመለስለታል። ንጹሕ ማለት ሮማ ባለው ስደተኛ ንጉሥ ፊት ያልቆመ፣ የተከለከለውን ልብስ ያልነካ ማለት ነው። ስንነሣ ሠረገላው ድረስ ሸኝታን «ዳልጊሽ፣ እንዳለ መልስልኝ። ምንም ባይማር ግድ የለኝም» አለችኝ። ያን በልግ ሩሪ ለአካለ መጠን ሊደርስ ነበር። የቀረው አንድ በጋ ብቻ ነበር።

«አብደሃል?» አልኩት። «እናትህ ጉልበቷ እስኪላጥ የለመነችውን ርስት በአንድ ሸራ ልታስወስደው?»

«አዋጁ እዚያ ነው እንጂ ሮማ አልደረሰም።»

«ወሬው ግን ከሮማ ለንደን ይደርሳል! የሰዓሊ ቤት በሩ ክፍት ነው። እንግሊዝ ሁሉ ጠዋት ጠዋት እየዞረ ማን በምን እንደተሣለ ያያል።»

ዳቦውን ቆረሰ። ከዚያ፣ ያስተማርኩትን የሙግት ጥበብ በእኔው ላይ አዞረው።

«‹የሰውን ልብስ የሚያስወልቅ ሕግ ነገ ቆዳውን ይጠይቃል› ብለው ያሳተሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ የኔታ?»

እኔ ነኝ። ዛሬም ቃሉን አላጥፍም፤ አዋጁ የፈሪ አዋጅ ነው። ስለ ስደተኛው ንጉሥም የጻፍኩትን አላጥፍም፤ የድሃ ልጅ አስፈጅቶ ራሱ ያመለጠ ሰው ስለ ዙፋን ባያወራ ይሻለዋል። በሁለቱም ምክንያት በሁለት ከተማ ድንጋይ ተወርውሮብኛል። ግን ጽሑፍ ሌላ፣ የሰው አደራ ሌላ ነው። ይህንኑ ጮኼ ነገርኩት። «ባይፈቅዱም ብቻዬን አደርገዋለሁ» አለኝ። እንደሚያደርገው ስላወቅሁ ውል አሰርኩ፦ ይሣል፣ ሥዕሉ ግን ሮማ ይቅር፤ ርስቱ ከተመለሰ በኋላ ያስመጣው።

ኩታውን ከየት ያመጣዋል ብዬ ነበር። ለካ አግኝቷል። ሻምበል ዱጋልድ የሚባል የአባቱ ባለሟል፣ ከዚያ ጦርነት አምልጦ ሮማ በስደት ያረጀ ሰው አለ። አንድ ቀን መንገድ ላይ የሩሪን አረማመድ አይቶ «የኦርቫን ልጅ!» ብሎ ጠራው። ሽማግሌው ከሻማ ሠሪ ቤት በላይ በተከራያት ክፍል ከጦር ሜዳ ለብሶት ካመለጠው ከራሱ ኩታ በቀር የሚለብሰው ብርድ ልብስ አልነበረውም። «ውሰደው» አለው፤ «ግን ባለበት ልሁን። እኔና እሱ ተለያይተን አናውቅም።»

ስለዚህ በየጠዋቱ አራት ሆነን ሰዓሊው ሲኞር ቤልፎርቴ ቤት እንገናኝ ጀመር። ቤልፎርቴ ስለ ንጉሥም ስለ አዋጅም ግድ አልነበረውም። ኩታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያየው በጣቱ እያሻሸ «ይህን ቀይ በምን ነከሩት?» ነው ያለው። ልማዱ ፊቱን አስቀድሞ መሣል ነው፤ ባለፊቱ አገሩ ሲሄድ ልብሱን ቀስ ብሎ ይጨርሰዋል። ለእኛ ግን ሥራውን ገለበጠው። ገላው ይቅደም፤ ፊቱ በመጨረሻው ቀን ይሁን፤ እስከዚያ ሥዕሉን ያየ ሰው የማን እንደሆነ አይለይም። ለገላውም ሩሪ መቆም አላስፈለገውም። ቤልፎርቴ ቤት ውስጥ መገጣጠሚያዎቹ የሚታጠፉ፣ የሰው ቁመት ያለው፣ ከእንጨት የተሠራ አካል ነበር፤ ራሱ እንደ እንቁላል ድቡልቡል፣ ፊት የሌለው። ኩታውን ለእሱ አልብሶ፣ መስኮቱ አጠገብ አቁሞ፣ እጥፋቱን አንድ በአንድ ይገለብጥ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሸራውን ወደ ግድግዳ ማዞር ነው። ሁላችንም ሸራውን እንጠብቅ ነበር። በር ላይ የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሸራውን ለማዞር እንሽቀዳደማለን።

የእንጨቱን ሰው ግን ረሳነው። ለምደነው፣ እንደ ወንበር ሆኖብን ነበር።

ፊቱ ሊሣል በነበረበት ጠዋት ሚስተር ፔቲቦን ገባ። ለተጓዦች የጥንት ሳንቲም የሚሸጥ እንግሊዛዊ ነው፤ ለንደን የሚከፍለው ግን ስለ ሌላ ሥራው እንደሆነ ሮማ ያለ ሁሉ ያውቃል። እጅ ሲነሣ እንኳ የጫማህን ጭቃ አይቶ የት እንደዋልክ ይገምታል። ቤልፎርቴ ሸራውን በጊዜ አዞረው። ሩሪ መቀመጫው ላይ ነበር፤ ኮቱን አውልቋል፣ ኩታውን ገና አልለበሰም። ዱጋልድ ጥግ ላይ ተቀምጦ ትንባሆውን ይፈትጋል።

«ደህና አደራችሁ። ይሄ ደግሞ ማነው?» አለ ፔቲቦን በከዘራው ወደ እንጨቱ ሰው እያመለከተ። «እኔ እኮ አመፀኞች ሁሉ አልቀዋል ብዬ ነበር።»

«ልብስ ነው፣ ሲኞር» አለ ቤልፎርቴ። «ቀለሙን ወድጄው ነው።»

«ቀለሙማ ያምራል። የማን ነው?»

ይህን ያለው ሰዓሊውን ሳይሆን ሩሪን እያየ ነው።

ደሜ ፈላ። «የሚሸጥ ዝገትህን ይዘህ አትወጣም?» አልኩት። «የሰው ጨርቅ ለመቁጠር ነው ጠዋት የምትነሣው? ለንደን ሰላይ ስትቀጥር ትንሽ ፊደል የቆጠረ አጣች እንዴ!»

«ኧረ ማስተር ዳልጊሽ! ቁጣዎን በጽሑፍ አውቀዋለሁ፤ በአካልም ደስ ይላል። ለአንድ ጨርቅ ግን ይህን ያህል?» ፈገግ አለ። «እንግዲያው ጨርቁ የአንድ የምንወደው ሰው ነው ማለት ነው።»

ሩሪ አፉን ሊከፍት ሲል ከጥግ ድምፅ መጣ።

«የእኔ ነው» አለ ዱጋልድ። «እኔን ነው የሚሥለው።»

«አንተን?» ፔቲቦን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ክርኑ ላይ የተጣፈውን፣ ጫማውን ያሰረበትን ገመድ። «ደግሞ መቼ ባላባት ሆንክ?»

«ባላባት ባልሆንም ፊት አለኝ።»

«ሥዕሉን ልየው እስቲ።»

ቤልፎርቴ ከማንኛችንም ቀድሞ ነገሩ ገብቶት ነበር። ሸራውን መልሶ አዞረው። ኩታው በትከሻ ላይ ተጥሎ፣ እጁ ወገቡ ላይ፣ እግሩ በኩራት ቀደም ብሎ፤ ከአንገት በላይ ግን ባዶ ግራጫ።

ፔቲቦን ጠጋ ብሎ አየ። «እግሩ የጎረምሳ ነው።»

«ሰዓሊው ደግ ሰው ነው» አለ ዱጋልድ። «ብትከፍለው ያንተንም ሆድ ይቀንስልሃል።»

ቤልፎርቴ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ፔቲቦንም ሳቀ፤ ወንበር ስቦ ግን ተቀመጠ። ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። «ሥራችሁን አላስተጓጉል። ፊት ከባዶ ሸራ ሲወጣ ማየት እወዳለሁ።»

ውሸቱን እውነት ማድረግ የግድ ሆነ። ዱጋልድ ተነሣ፤ ኩታውን ከእንጨቱ ሰው ላይ አውልቆ አጣፋው። ሲያጣፋው እጁ የት ጋ እንደሚሄድ አላየም፤ እጁ ያውቀዋል። ወገቡ ቀና አለ። ቤልፎርቴ ብሩሹን አነሣ። ሩሪ የሚቀመጥበትን ቦታ ለቀቀለትና ሽማግሌው ተቀመጠ። ለራሱ በተዘጋጀው ገላ ላይ፣ አባቱ በለበሰው ዓይነት ልብስ አናት ላይ፣ የሌላ ሰው ግንባር መውጣት ጀመረ።

ቅንድቡ ሲወጣ ሩሪ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ፊቱን አየሁት፤ ሊናገር ነው። «የእኔ ነው» ሊል ነው፤ በዚያ አንድ ቃል ኦርቫን ይሄዳል።

ያን ጊዜ ዱጋልድ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ፣ ዓይኑን ከሰዓሊው ሳያነሣ፣ በደጋው ቋንቋ ተናገረ። እንደሚያጉተመትም ነው።

«ተቀመጥ አንተ ቡችላ። በዚያ ሸለቆ ጭስ የሚወጣበት ቤት ሁሉ አንገትህ ላይ ነው። የቀረውን ጣሪያ ምስለኔው እንዲያወርደው ነው የምትፈልገው? አባትህ አንዴ ለክብሩ ብሎ አስጨርሶናል። ይበቃል።»

እኔ ይህን ከማንም ደገኛ አፍ ሰምቼ አላውቅም። እነሱ ስለዚያ ሜዳ ሲያወሩ ዘፈን ነው የሚያወሩት።

«ምን ይላል?» አለ ፔቲቦን።

«ወንበሩ ቆረቆረኝ ይላል» አልኩ።

ሩሪ ባለበት ቆመ። ፔቲቦን ወደ እሱ ዞረ፤ ድምፁን እንደ ዘመድ አለሳልሶ፦

«ልጅ ሩሪ፣ ይህ ሰው ከሸለቆዎ ነው ይባላል። አባትዎ ሲወድቁ አጠገባቸው ነበር አሉ። ያውቁታል?»

ቤልፎርቴ እንኳ ብሩሹን አቆመ።

«አላውቀውም» አለ ሩሪ።

ይህ በቂ ነበር። ለለንደንም፣ ለእሜቴ ግሪዘልም፣ ለጭሰኞቹም ይህ ይበቃ ነበር። ፔቲቦን ራሱ ሊነሣ ከዘራውን ጨብጧል። «አይተውትም አያውቁ?» ያለው ለወጉ ያህል ነው።

«ሮማ ለማኝ ሞልቷል» አለ ሩሪ። «ሁሉንም ማስታወስ አልችልም።»

ለማኝ እንዲል ማንም አላስገደደውም። ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ፍርሃት እንደ መጥፎ ነጋዴ ነው፤ ከተጠየቀው በላይ ይመዝናል። ዱጋልድ አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይኑ ብቻ እንደተመታ ሰው ዓይን ሆነ።

«እንዲሁ!» ብሎ ጮኸ ቤልፎርቴ። «እንዲሁ ሁን፣ አትንቀሳቀስ! ይሄንን ነበር የፈለግሁት!» ብሩሹ መሮጥ ጀመረ። ያን ጠዋት አንገቱን ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር። ሥዕሉ ግን፣ ምን ያደርጋል፣ ከእጁ የወጣ ምርጥ ሥራ ነው።

ፔቲቦን ሲሄድ ባርኔጣውን አንሥቶ «ሲያልቅ እገዛዋለሁ። ደረጃዬ ላይ እንዲህ ያለ አውሬ ያስፈልገኛል» አለ።

በሩ እንደተዘጋ ሩሪ ሮጦ የዱጋልድን እጅ ያዘ። «ጋሽ ዱጋልድ፣ እኔ እኮ…»

«ደህና አልክ» አለ ሽማግሌው። እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። ኩታውን አጥፎ በብብቱ ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ልጁን ክፍሉ ውስጥ አጣሁት። የት እንደሄደ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የሻማ ሠሪው ቤት ያለው እንግሊዞች ተሰብስበው ቸኮላታቸውን ከሚጠጡበት ቤት ፊት ለፊት ነው። ስደርስ ሩሪ መንገዱ መሐል ቆሞ፣ በደጋው ቋንቋ፣ ባለ በሌለ ድምፁ «ሻምበል ዱጋልድ!» እያለ ይጣራል። ቸኮላት ጠጪዎቹ ጽዋቸውን ይዘው በር ላይ ወጥተዋል።

«ና ግባ ወደ ቤት» ብዬ ክንዱን ያዝኩት።

«ልቀቁኝ፣ የኔታ! እዚሁ፣ በሁሉም ፊት እነግረዋለሁ። ርስቱ ገደል ይግባ!»

መስኮቱ ተከፈተ። ዱጋልድ ኩታውን ተከናንቦ ወደ ታች አየ፤ ከዚያ ወደ ቸኮላት ቤቱ በር። እዚያ የቆሙትን አንድ በአንድ አያቸው።

«ማነው በጠዋት የሚጮኸው?» አለ በእንግሊዝኛ። ሁሉም እንዲሰማ ነው።

«እኔ ነኝ! ሩሪ፣ የ…»

«ሩሪ የሚባል አላውቅም!» ድምፁ የልጁን ስም አቋረጠው። «ትናንት ለማኝ ነህ አልከኝ፤ ዛሬ ደግሞ ልታላግጥብኝ መጣህ? የእንግሊዝ ቡችላ! ሂድ አገርህ ግባ!»

የመታጠቢያውን ውኃ አንሥቶ ደፋው። ቸኮላት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «ሽማግሌው ክርስትና አነሣው!» አለ፤ ሌላው «ከእንግዲህ እንግሊዛዊ ነው፣ በምስክር ፊት!» አለ። ወሬው እስከ ምሳ ፔቲቦን ጆሮ እንደሚደርስ ርግጠኛ ነበርኩ፤ ለእኛም ከሺህ የታማኝነት ቃል የተሻለ ምስክር ነበር። ውኃው ያረፈው ሩሪ ጫማ ላይ ብቻ ነው። ዱጋልድ ዒላማ የሚስት ሰው አልነበረም፤ ልራራለት ብሎ ይሁን ንቆት፣ ከታች ሆኜ ፊቱ አልታየኝም። መስኮቱ ተዘጋ። ሩሪ እንደገና አልተጣራም።

ወደ ቤት ስንመለስ ብዙ ተናገርኩ። ቁጣዬ ሁሉ አፌ ላይ ነው የሚያልቀው። ጭሰኞቹ ተረፉ አልኩት፤ ምስለኔው ሊወጣ ነው አልኩት፤ እውነቴን ነው፣ ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው፤ ሽማግሌው ራሱ ያዘዘውን ነው የፈጸምከው አልኩት። «ለማኝ በል ብሎ አላዘዘኝም» አለ።

ከሁለት ቀን በኋላ በራሱ ፈቃድ ቤልፎርቴ ዘንድ ሄደ። የዱጋልድ ሥዕል ገና ሳይደርቅ መስኮቱ አጠገብ ተሰቅሏል። ሩሪ ቀይ ከፋዩን ለበሰ። ዓምዱ ይሁን? ይሁን። እጅ ወገብ ላይ? ይሁን። ቤልፎርቴ ለሥዕሎቹ ማድመቂያ የሚያኖራት አንዲት ነጭ ውሻ ነበረችው፤ እሷንም እግሩ ሥር ያስተኛት እንደሆነ ጠየቀው። «ሌሎቹ የሚያደርጉትን ሁሉ አድርግ» አለ ሩሪ።

ፊቱ ላይ ሲደርስ ሰዓሊው ቆመ። «ጌታው፣ ወደ እኔ ይመልከቱ እንጂ።»

«አይሆንም። ሥዕሉን የሚያየውን ሰው እንዳላየው አድርገህ ሣለኝ።»

«ታዲያ ዓይንዎን ወዴት ላድርገው? ወደ መስኮቱ?»

«ወደ መስኮቱ አይደለም!» አለ ፈጥኖ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ወደ ውሻዋ» አለ።

«እናትዎ ዓይንዎን ማየት ይፈልጋሉ እኮ። እናቶች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ዓይኑን ነው።»

«እናቴ ሌላውን ሁሉ ታገኛለች።»

ቤልፎርቴ ወደ እኔ ዞረ፤ አደራው የእኔ መሆኑን ያውቃል። በእጄ ወደ ውሻዋ አመለከትኩት። ትከሻውን ነቀነቀና የውሻዋን ራስ ወደ ሩሪ ትንሽ ከፍ አደረገው።